«ጠንከር ያለውን ስጪኝ»

ከሚሴ ላይ መድኃኒት ቤት የከፈተ ሰው ቶሎ የሚለምዳቸው ሁለት አባባሎች አሉ። አንዱ «ጠንከር ያለውን ስጪኝ» ነው፤ ሌላው «ተሽሎኝ ተውኩት»። የመጀመሪያውን የሚለው ደንበኛ መድኃኒት በበዛ ቁጥር ቶሎ ያድናል ብሎ ያምናል። ሁለተኛውን የሚለው ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ከገባ ይበቃል ባይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ሰኞ ጠንከር ያለውን ለምኖ የወሰደው፣ ሐሙስ ትርፉን ለጎረቤት ልጅ አካፍሎ ይመጣል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ቀኑን ሙሉ የምመልሰው ጥያቄ «ምን ልውሰድ?» የሚለውን ነው። «ስንት ልውሰድ? በየስንት ሰዓቱ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ወደ ሰውነት የገባው መጠንና ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ እንዴት እንደተያያዙ ማወቅ ግን የመድኃኒትም የመርዝም ጥናት መሠረት ነው። ፓራሴልሰስ የተባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም በ1538 እ.ኤ.አ. መርዝን ከመድኃኒት የሚለየው መጠኑ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ሐሳቡ በየመማሪያ መጽሐፉ ሲደገም ኖሯል። እኔ ግን ነገሩን እዚሁ ሰፈራችን ባለው ላስረዳ።

ቁመት የሚለካው እንጨት

ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋ የኦሮሞውም የአፋሩም የአርጎባውም ከብት የሚሰበሰብበት ረግረግ ነው። ውኃው በረከት ነው፤ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም የሚበቅለው በእሱ ነው። ችግሩ፣ እንዲህ ባለ ሞቃት አገር ዝግ ብሎ በሚሄድ ውኃ ውስጥ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይራባሉ። ከእነሱ የምትወጣ በዓይን የማትታይ እጭ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ በስታ ትገባና ቢልሃርዚያ ትሆናለች። ከብት የሚያጠጣ፣ የሚዋኝና ውኃ የሚቀዳ ልጅ ከሁሉ በፊት ይያዛል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ተሰልቶ ነው። አንዱ ፍሬ 600 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ 30 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ሁለት ፍሬ ይደርሰዋል፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ አራት። ይህ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግን በመቶ የሚቆጠር ተማሪ ተሰልፎ፣ ሚዛኑ አንድ፣ እሱም መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆንበት የሚያሳስት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ያቀረበው መላ በልዩ ልዩ ቁመት ላይ ምልክት የተደረገበት እንጨት ነው። ልጁ እንጨቱን ተደግፎ ይቆማል። ከ94 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ፍሬ፣ እስከ 125 አንድ ተኩል፣ እስከ 138 ሁለት፣ እስከ 150 ሁለት ተኩል፣ እስከ 160 ሦስት፣ እስከ 178 አራት፣ ከዚያ ካለፈ አምስት። ቁመት የክብደት ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ፍጹም ልክ ባይሆንም ከሚፈለገው መጠን ብዙ አይርቅም።

አንድ ጊዜ እኔም ለእርዳታ ሄጄ ሰልፉ አጠገብ ቆሜ ነበር። ፍሬው ትልቅና መራራ ነው፤ ቀድመው የዋጡት ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ያየ አንድ ልጅ እንጨቱ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ። አንድ መስመር ዝቅ ካለ ግማሽ ፍሬ እንደሚቀነስለት ገብቶታል። መምህሩ ትከሻውን ይዘው ቀና ሲያደርጉት የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔን የገረመኝ የልጁ ብልጠት ነው፤ መጠን በሰው ልክ እንደሚሰፋ ያለ ማብራሪያ ተረድቶታል። ያልገባው፣ በጉልበቱ መታጠፍ የሚያተርፉት ሆዱ ውስጥ ያሉት ትሎች መሆናቸው ነው።

እዚያው ሰልፍ ላይ ሌላም ትምህርት ነበር። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ልጆች እኩል ፍሬ ውጠው አንዱ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ኳስ ይጫወታል። መጠኑ አንድ ነው፤ ትላቸው ግን አንድ አይደለም። ብዙ ትል ያለበት ልጅ ትሎቹ ሲሞቱ የሆድ ቁርጠትና ማቅለሽለሽ ይበረታበታል። ወላጅ ይህን ሲያይ «መድኃኒቱ መረዘው» ይላል። ምላሹን የሚወስነው የገባው መጠን ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ሁኔታ እንደሆነ አስቀድሞ የነገረው ሰው የለም።

እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና ጠመዝማዛው መስመር

ስለ ቢልሃርዚያ ከተነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ማለፍ አይቻልም። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አጠገብ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ከዚያ ወዲህ እንዶድን ለመመርመር ዕድሜያቸውን ሰጡ። አድዋ ውስጥ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ በበሽታው የተያዘው ሰው ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የእኔን ነገር የሚያብራራው ግን የቤተ ሙከራው ሥራ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ሲፈተን ብዙ ብልቃጥ ይደረደራል። በየብልቃጡ እኩል ቁጥር ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ይገባሉ፣ ውኃው ላይ የሚጨመረው እንዶድ ግን ከብልቃጥ ብልቃጥ ይጨምራል። ከ24 ሰዓት በኋላ ወደ ንጹሕ ውኃ ይዛወሩና የሞቱት ይቆጠራሉ። በጣም በቀጠነው ብልቃጥ ምንም አይሞትም። ጥቂት ሲጨመርም ያው ነው። ከዚያ በአንድ ቦታ ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ ጥቂት በተጨመረ ቁጥር ብዙ ይሞታል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ያልቃሉ፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር የሚሞት አይኖርም።

ይህ በወረቀት ላይ ሲሳል ከጨፋ ሜዳ ተነሥቶ ደጋ እንደሚወጣ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ሜዳ፣ መካከል ላይ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ላዩ ላይ እንደገና ሜዳ። ከተፈተኑት ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ዳገቱ መካከል ላይ ይውላል። ትሬቫን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1927 እ.ኤ.አ. የመርዞችን ኃይል ለማወዳደር ይህን ግማሽ የሚገድል መጠን መለኪያ አደረገው። ዳር ላይ ያሉት፣ በትንሹ የሚሞተውና በብዙም የማይሞተው፣ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ በእነሱ መለካት ያሳስታል። መካከሉ ግን እምብዛም አይዋዥቅም።

ከእያንዳንዱ መድኃኒት ጀርባ እንዲህ ያለ መስመር አለ። ይልቁንም ሁለት አለ፤ አንዱ የጥቅሙ፣ ሌላው የጉዳቱ። የጥቅሙ መስመር ቀድሞ ይነሣል፣ የጉዳቱ ዘግይቶ ይከተላል። ሐኪም የሚያዘው መጠን የሚያርፈው ጥቅሙ ላይኛው ሜዳ ላይ ደርሶ የጉዳቱ ዳገት ገና ባልጀመረበት ክፍተት ላይ ነው። «ጠንከር ያለውን» የሚለው ደንበኛ ስሕተቱ ይኸው ነው። ጥቅሙ ሜዳ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚጨመረው ፍሬ የሚያስወጣው የጉዳቱን ዳገት ብቻ ነው።

ክፍተቱ ደግሞ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። የድሮው ኮሶ ክፍተቱ ጠባብ ነበር። አያቶቻችን ለኮሶ ትል በየሁለት ወሩ ያህል ይጠጡት ነበር፤ መለኪያው እፍኝ ነው። አበባው ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠና ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ኃይሉን ስለሚለውጠው ያው እፍኝ አንዱን ዘመን ትል ብቻ ያስወጣል፣ ሌላውን ዘመን ሰውየውን ይጥላል። ለእርጉዝ እንደማይሰጥ፣ በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ አዋቂዎቹ ያውቁ ነበር። የጎደላቸው ጥበብ አልነበረም፤ ኃይሉን የሚለካ ሚዛን ነው። ዛሬ ከፍሬው ጀርባ የሚጻፈው የሚሊ ግራም ቁጥር ያንን ይተካል።

ያው መጠን በሦስት ቀንና በአንድ ጉርሻ

ስንት የሚለው ጥያቄ በስንት ጊዜ ከሚለው አይለይም። ለዚህ ከክሎሮኪን የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ወባ በከሚሴ ዙሪያ የታወቀ በሽታ ነው፤ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ መድኃኒት ቤቱ በሚንቀጠቀጥ ሰው ይሞላል። ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት ክሎሮኪን እስከ አሁን ይታዘዛል። ለአዋቂ የተለመደው አሰጣጥ መጀመሪያ ቀን አራት ፍሬ፣ ሁለተኛ ቀን አራት፣ ሦስተኛ ቀን ሁለት ነው። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ 150 ሚሊ ግራም ዋናው መድኃኒት አለ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ሲደመር በኪሎ 25 ሚሊ ግራም ይሆናል።

አሁን ልብ በሉ። በሦስት ቀን ተከፋፍሎ የሚያድነው 25 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው። በአንድ ጊዜ ሲወሰድ ሕይወት ሊያጠፋ የሚችለው ደግሞ 30 ገደማ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እጅግ ተቀራርበዋል። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ሲጎርፍ ልብ የምትመታበትን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ያናጋል። በሦስት ቀን ሲከፋፈል ግን ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች እየተሰራጨ ደም ውስጥ ያለው መጠን ዝቅ ይላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ትራስ ሥር ያገኘውን ሁለት ፍሬ ቢውጥ 300 ሚሊ ግራም ገባው ማለት ነው፤ በኪሎ 30። እናት «ሁለት ፍሬ ብቻ ነው» ብትል አልፈርድባትም፤ ለእሷ ሁለት ፍሬ የመጀመሪያው ቀን መድኃኒት ግማሽ ነው። ለዚህ ነው ክሎሮኪን ስሰጥ የት እንደምታስቀምጠው ሳልጠይቅ የማልሸኘው።

ድምፅ የሌለው መርዝ

ፓራሲታሞልን ማንም አይፈራም። ሱቅ ይሸጣል፣ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ደግሞም በልኩ ሲወሰድ በእውነት ደግ መድኃኒት ነው። ለጤነኛ አዋቂ ልኩ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም የማይበልጥ ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከሆነ ስምንት ፍሬ።

ጉበት ከዚህ መድኃኒት አብዛኛውን ያለ ችግር ያስወግዳል። ጥቂቱ ግን እዚያው ጉበት ውስጥ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጣል። ግሉታታዮን የሚባል መከላከያ እየተቀበለ ያመክነዋል። የመከላከያው ክምችት እስካለ ድረስ ምንም አይታወቅም። ሰውየው ወደ 10 ግራም ቢጠጋ ግን ክምችቱ ያልቅና መርዙ ራሱን ጉበቱን መብላት ይጀምራል። ክፋቱ፣ በመጀመሪያው ቀን ከማቅለሽለሽ ያለፈ ምልክት ላይታይ ይችላል። ጉዳቱ የሚገለጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ብዙ የሚረዳው ግን በስምንት ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ አብዝቶ የወሰደ ሰው «ምንም አልሆንኩም» ቢልም ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

አብዝቶ መውሰድ ሁልጊዜ በማወቅ አይመጣም። አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን አሟቸው መጡና ከኪሳቸው ሦስት ዓይነት እሽግ አወጡ። አንዱን ከሱቅ ለራስ ምታት ገዝተውታል፣ አንዱን ልጃቸው ለጉንፋን ከኮምቦልቻ ልኮላቸዋል፣ አንዱን ጎረቤት ሰጥቷቸዋል። ሦስቱንም ገልብጬ ሳነብ በሦስቱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። «አባቴ፣ ሦስቱን አብረው ነው የሚወስዱት?» ብላቸው «ሦስቱም ለየሕመሙ አይደል ልጄ?» አሉኝ። የንግድ ስሙ ሦስት ነው፤ ጉበታቸው የሚቆጥረው ግን አንድ መድኃኒት ነው።

ከልኩ ማነስም ዋጋ አለው

እስካሁን የበዛውን ነበር የወቀስኩት። «ተሽሎኝ ተውኩት» የሚለው ግን አገር የሚጎዳ ነው።

ፋልሲፓረም የተባለው ወባ በክሎሮኪን አልበገር ሲል አገራችን በ1998 እ.ኤ.አ. ወደ ፋንሲዳር ተሻገረች። ፋንሲዳርም ብዙ ሳይቆይ ተለመደና በ2004 እ.ኤ.አ. ኮአርተም ቦታውን ያዘ። ተውሳኩ ከመድኃኒት ጋር ከሚላመድባቸው መንገዶች አንዱ ጎዶሎ መጠን ነው። ሙሉው መጠን ደካማውንም ብርቱውንም ይጠርጋል። ግማሹ ግን ዳገቱ መካከል ላይ ይቀራል፤ ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ያስቀርና ትንኝ ብርቱውን ወደ ሌላ ሰው ትወስደዋለች።

የኮአርተም ሙሉ መጠን 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት ሆኖ ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ይወሰዳል፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ትኩሳቱ ግን ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይለቃል። የቀረችው እሽግ ያኔ ነው መሳቢያ የምትገባው።

ደግሞ የተዋጠው ሁሉ ደም ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። በኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን የሚገባው ከስብ ጋር ነው። ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከሚገባው እስከ 16 እጥፍ ገብቷል። ብዙ ስብ አያስፈልግም፤ ጥቂት ወተት ይበቃል። የከብት አገር ስለሆንን ይህን ለመምከር አልቸገርም፤ «ከወተት ጋር ዋጠው» እላለሁ። ሮመዳን ላይ የወባ ሕመምተኛ ጾሜን ልያዝ ሲለኝ ግን የሰዓቱን ነገር አስረድቼ ወደ ሼኹ እልከዋለሁ። የታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ እንዲከፍል ዲኑ እንደሚፈቅድ ከእኔ ይልቅ ከእሳቸው ሲሰማ ይረጋል።

ጫትም አለ። የወሎ ዱዓ ያለ ጫትና ያለ ቡና አይደምቅም፤ ያንን ተዉ የማለት ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የየመን ጥናት ጫት እየቃሙ አምፒሲሊን የዋጡ ሰዎች ደም ውስጥ የገባው መድኃኒት በግልጽ ማነሱን አሳይቷል፤ አሞክሳሲሊንም በመጠኑ ቀንሷል። ጫቱ ካበቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን አምፒሲሊኑም ብዙ አልተነካም። ስለዚህ የምለው አጭር ነው፤ ኪኒኑን ከጫቱ አርቁት።

ምግብም ልክ አለው፦ የጓያ ነገር

ይህ ሁሉ የመድኃኒት ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ምግብ ራሱ በመጠን ከመድኃኒት ያልተለየ ሕግ አለው፤ ይህንንም ወሎ በሰውነቱ ያውቀዋል።

ጓያ ድርቅ የማይበግረው እህል ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ በረዶ ሌላውን ሲያጠፋ፣ ጭቃ ላይ የተዘራ ጓያ ይተርፋል። በውስጡ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ሆኖም ጓያ የበላ ሁሉ አይሽመደመድም፤ አልፎ አልፎ በሽሮ መልክ የሚበላው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደህና ይኖራል። አደጋው የሚመጣው ከዕለት ምግቡ ሲሶ ያህሉና ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ሦስት አራት ወር ሲዘልቅ ነው። ያኔ እግር ድንገት ይገተራል፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ መቀስ እየሠራ መራመድ ይጀምራል፤ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በወሎ ደጋ፣ በደላንታና ዳውንት፣ እህሉ ጠፍቶ ጓያ ብቻ ሲቀር ከ2,000 በላይ ሰው እንዲህ ተጎዳ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳወቁ።

በ2003 እ.ኤ.አ. ኃይለየሱስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ወደ ማጀት ገባ። ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን የሚበሉት ለሕመሙ የበለጠ ተጋልጠው ተገኙ። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የሚበላው ግን አደጋውን አልጨመረም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም አደጋውን ቀነሰው። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ይረዳል።

ከዚህ የምወስደው፣ መጠን የሚሰላው በአንድ ቀን ሰሐን ብቻ አለመሆኑን ነው። ትንሽ ትንሹ ቀን በቀን ሲደመር ራሱን የቻለ መጠን ይሆናል። ደግሞም መጠኑን ማን እንደሚመርጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። የደላንታ ገበሬ ጓያ ያበዛው ጉዳቱን ስላላወቀ ብቻ አይደለም፤ ጎተራው ውስጥ ሌላ ስላልነበረ ነው። ተመራማሪዎቹም በችግር ጊዜ ከሚሰጠው እርዳታ ውስጥ እህል ይኑር ብለዋል።

መርዝን በመርዝ

ቦርከና ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ በጀርባው በሚታዘል መርጫ ፀረ ተባይ ይረጫል። ብዙዎቹ የሚለኩት በብልቃጡ ክዳን ነው። አንድ ክዳን የተባለውን ሁለት ቢያደርግ ትሉ ቶሎ የሚያልቅ ይመስለዋል። ባንኮኒዬ ላይ የምሰማው «ጠንከር ያለውን» እርሻ ላይ ሲደርስ ይህ ነው። ትሉ ግን በልኩ ከሞተ በተጨማሪው ክዳን ሁለተኛ አይሞትም። ተጨማሪው የሚደርሰው ገበሬው ጀርባ፣ ሳንባና የሽንኩርቱ ገበያ ላይ ነው።

ማላታዮንና ዘመዶቹ ሰውነት ውስጥ ሲበዙ ነርቭ የሚልከውን መልእክት የሚያጠፋው ኢንዛይም ይታሰራል። መልእክቱ ሳይቋረጥ ይጮኻል፤ ላብ፣ እንባና ለሃጭ ይወርዳል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ደረት በፈሳሽ ይሞላል። ለዚህ የሚሰጠው አትሮፒን ነው። አትሮፒን ራሱ ልጆች ዘሩን ቀምሰው የሚቀባዥሩበት አስተናግር ውስጥ ያለ መርዝ ነው። ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ አፉን ያደርቀዋል። በፀረ ተባይ ለተመረዘው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ደረቱ እስኪጠራ ድረስ በየአምስት ደቂቃው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ሐኪሙ የሚመራው አስቀድሞ በተጻፈ ቁጥር ሳይሆን ጆሮው ላይ ባለው የደረት ድምፅ ነው። ደረቱ ጠርቶ የልብ ምቱ ሲስተካከል እጥፉ ይቆማል፤ ከዚያ አልፎ ቢሰጥ ያው ማርከሻው ያስቀባዥራል። መጠንና ምላሽ የሚባለው ነገር ዓይኔ ሥር ሲሠራ ያየሁት በዚህ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

መድኃኒት ስትገዙ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ለእኔ ክብደት ስንት ነው? በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን? ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ? ከያዝኩት ሌላ መድኃኒት ጋር አንድ ዓይነት ነገር አለበት? የቀረውን ኪኒን ለሌላ ሰው አትስጡ፤ የተሰላው ለእናንተ ክብደትና ለእናንተ ሕመም ነው። ለሕፃን የአዋቂን ፍሬ በግምት አትቁረጡ። ለሽሮፑም የሻይ ማንኪያ ከማንኪያ ስለሚለያይ አብሮት የመጣውን መለኪያ ተጠቀሙ።

ጣጣው ግን በገዢው ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። እኛ ከባንኮኒው ጀርባ ያለን «አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ» ብለን በአማርኛ ጽፈን እንሸኛለን። በከሚሴ ልጆቹ በቁቤ ይማራሉ፣ አንዳንድ አባቶች ዐረብኛ እንጂ ሌላ አያነቡም፣ አንዳንድ እናቶች ምንም አያነቡም። ስለዚህ አሁን አሁን በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ፀሐይ እስላለሁ፣ ጨረቃ እስላለሁ፣ ከሥራቸው እንደ ፍሬው ቁጥር ክብ አደርጋለሁ። ከዚያ ገዢው እንዴት እንደሚወስደው ራሱ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ሰልፍ ሲረዝም የሚያጉረመርም አለ። እሱም ተራው ሲደርስ ክብደቱን እጠይቀዋለሁ።